ከንግድ በላይ የነበረው የንግድ ውል፦ ዮርዳኖስና አሜሪካ

ስለ ንግድ ውል የሚጻፍ ነገር እንደሚያሰለች እናውቃለን። ቀረጥ፣ ኮታ፣ የምርት መነሻ እየተባለ የሚተነተነውን ብዙዎቻችን ርእሱን አይተን እናልፈዋለን። የዛሬው ግን ላይ ላዩን ስለ ቀረጥ ይምሰል እንጂ ውስጡ ስለ ጦርነትና ሰላም፣ ስለ ፍልስጤም፣ እንዲሁም በትላልቆች መሐል ስለተጣበቀች አንዲት ትንሽ አገር ነው። ስለዚህ ታግሳችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር መሆናቸውንም ከወዲሁ ልብ በሉ።

በኦክቶበር 24 ቀን 2000 ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተንና የዮርዳኖሱ ንጉሥ ዐብዱላህ ዳግማዊ ዋይት ሐውስ ውስጥ የነፃ ንግድ ስምምነት ተፈራረሙ። አሜሪካ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ውል የነበራት ከሦስት አገሮች ጋር ብቻ ነው፦ ከ1985 ጀምሮ ከእስራኤል ጋር፣ ከዚያም ከካናዳና ከሜክሲኮ ጋር። ዮርዳኖስ አራተኛዋ ሆነች። ከዐረቡ ዓለም ደግሞ የመጀመሪያዋ።

ካናዳና ሜክሲኮ ድንበር የሚጋሩ ጎረቤቶችና ከትልልቆቹ የአሜሪካ የንግድ ሸሪኮች መካከል ናቸው። ዮርዳኖስስ? ያኔ 5 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ያላት፣ ነዳጅ የሌላት፣ የመጠጥ ውኃ እንኳ የሚያጥራት፣ ፎስፌትና ፖታሽ ሸጣ የምታድር አገር ነበረች። በ1999 ለአሜሪካ ገበያ ያቀረበችው ዕቃ በጠቅላላ 31 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። የአሜሪካ የዓለም አቀፍ ንግድ ኮሚሽን ስለ ውሉ ውጤት እንዲያጠና ተጠይቆ የሰጠው መልስም በአጭሩ፣ በአሜሪካ ኢኮኖሚ ላይ የሚለካ ለውጥ አያመጣም የሚል ነበር። የሚለካ ለውጥ ለማያመጣ ውል ታዲያ የዓለም ኃያል መንግሥት ለምን ይህን ያህል ደከመ?

ከኩዌት እስከ ወዲ ዐረባ

መልሱን ለማግኘት አሥር ዓመት ያህል ወደ ኋላ መሄድ ግድ ይለናል። በኦገስት 1990 ሳዳም ሑሴን ኩዌትን ሲወርሩ የዮርዳኖሱ ንጉሥ ሑሴን አጣብቂኝ ውስጥ ገቡ። ኢራቅ የዮርዳኖስ ዋነኛ ገበያ ነበረች። ነዳጅ የሚመጣው ከዚያ ነው፤ የዐቀባ ወደብም ኑሮው የኢራቅን ዕቃ ማራገፍ ነበር። ሕዝቡ ደግሞ፣ ትልቅ ክፍሉ ከፍልስጤም የተፈናቀለ ቤተሰብ ነውና፣ ልቡ ወደ ኢራቅ ያደላ ነበር። ንጉሡ ጉዳዩ በዐረቦች ሽምግልና እንዲያልቅ ፈለጉ እንጂ አሜሪካ የመራችውን ጥምር ጦር አልተቀላቀሉም።

ቅጣቱ ብዙም አልቆየም። የባሕረ ሰላጤው መንግሥታት እርዳታቸውን አቋረጡ፤ የአሜሪካም እርዳታ ታገደ። በኢራቅ ላይ የተጣለው ማዕቀብ ዐቀባን ጭር አደረጋት። ከሁሉ የከበደው ግን ከኩዌትና ከአካባቢዋ 300 ሺህ ያህል ሰው ጓዙን ጠቅልሎ መመለሱ ነበር። ትናንት ገንዘብ እየላኩ ቤተሰብ ያስተዳድሩ የነበሩ ሰዎች ዛሬ ቤት ተከራይና ሥራ ፈላጊ ሆነው መጡ። በ2013 መጨረሻ ከመቶ ሺህ በላይ ወገኖቻችን በጥቂት ወራት ውስጥ ከሳዑዲ ሲመለሱ ቦሌ ላይ የሆነውን ያየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። በዮርዳኖስ ደግሞ ቁጥሩ የጠቅላላውን ሕዝብ አንድ አሥረኛ ገደማ የሚያህል ነበር።

አገሪቱ ከዚያም በፊት ቢሆን ጤነኛ አልነበረችም። በ1988 ዲናሩ ዋጋውን አጥቶ ነበር። በ1989 መንግሥት ከዓለም የገንዘብ ድርጅት ጋር ተስማምቶ ነዳጅ ላይ ዋጋ ሲጨምር በደቡብ በምትገኘው መዓን ከተማ አመፅ ተነሣ። አመፁን ያስነሡት የፍልስጤም ስደተኞች ሳይሆኑ የዙፋኑ ምሰሶ ተብለው የሚታመኑት የምሥራቅ ዮርዳኖስ ጎሣዎች መሆናቸው ቤተ መንግሥቱን አስደነገጠ። በ1996 ደግሞ የዳቦ ዋጋ ሲጨምር ከረክ ተነሣች።

እንግዲህ ንጉሥ ሑሴን በኦክቶበር 26 ቀን 1994 በወዲ ዐረባ ከእስራኤል ጋር የሰላም ውል ሲፈርሙ የነበሩበት ሁኔታ ይህ ነው። ፍልስጤማውያን በኦስሎ ስለተስማሙ መንገዱ ተከፍቶላቸው ነበር። አሜሪካም ወደ 700 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ዕዳ ሰረዘችላቸው። ለሕዝቡ የተነገረው የሰላም ፍሬ ይመጣል ተብሎ ነው፦ ሥራ፣ ፋብሪካ፣ ቱሪስት፣ የውጭ ገንዘብ።

ፍሬው ግን አልታይ አለ። በኖቬምበር 1995 የእስራኤሉ ጠቅላይ ሚኒስትር ይስሐቅ ራቢን በገዛ ወገናቸው ተገደሉ፤ በ1996 ኔታንያሁ መጡ። በሴፕቴምበር 1997 ደግሞ የሞሳድ ሰዎች ዐማን መንገድ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የሐማሱን ኻሊድ መሽዓልን መርዘው ሊገድሉ ሞከሩ። ንጉሥ ሑሴን ማርከሻው እንዲመጣ አስገደዱ። ሸይኽ አሕመድ ያሲንም ከእስራኤል እስር ቤት የወጡት በዚያው ሰበብ ነው። ንጉሡ እንደ ተደፈሩ ቆጠሩት፤ ሕዝቡም እንዲሁ።

ከዚህ ድርጊት ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ በኖቬምበር 1997፣ ዮርዳኖስና እስራኤል ዶሐ ላይ አንድ የኢንዱስትሪ ስምምነት ፈረሙ። በፖለቲካው እየተነካከሱ በፋብሪካው ተጣመሩ ማለት ነው። ይህን ስምምነት ጠጋ ብለን ልናየው ይገባል፤ የኋላው የነፃ ንግድ ውል ያለ እሱ አይገባምና።

የኢርቢድ ፋብሪካዎች

በ1996 የአሜሪካ ኮንግረስ አንድ ሕግ አውጥቶ ነበር። በዚህ ሕግ ፕሬዚዳንቱ ዮርዳኖስ ወይም ግብፅ ከእስራኤል ጋር ተጣምረው በልዩ ዞን የሚያመርቱትን ዕቃ ያለ ቀረጥና ያለ ኮታ ወደ አሜሪካ እንዲያስገቡ መፍቀድ ይችላሉ። በዕቃው ላይ ከሚጨመረው እሴት ቢያንስ 35 በመቶው ከአካባቢው መሆን አለበት። ከዚህ ውስጥ የዮርዳኖሱ አምራች 11.7 በመቶ፣ የእስራኤሉ አምራች ደግሞ 8 በመቶ ማዋጣት ነበረባቸው፤ የእስራኤሉ ድርሻ በኋላ ላይ ለአንዳንድ ዕቃ ዝቅ ተደርጓል። የቀረው ከሁለቱ፣ ከዌስት ባንክና ከጋዛ ወይም ከአሜሪካ ሊመጣ ይችላል። የመጀመሪያው ዞን በ1998 በሰሜን ዮርዳኖስ፣ ኢርቢድ አጠገብ የሚገኘው የሐሰን የኢንዱስትሪ መንደር ሆነ።

በተግባር ሲታይ እንዲህ ነው። ጨርቁ ከሩቅ ምሥራቅ በመርከብ ይመጣል። ዚፑ፣ ቁልፉ ወይም ማሸጊያው ከእስራኤል ይገዛል። ኢርቢድ ላይ ተቆርጦ ይሰፋና ወደ ኒው ዮርክ ይጫናል። አሜሪካ በልብስ ላይ የምትጥለው ቀረጥ ከባድ ነው፤ ከሰው ሠራሽ ክር በተሠሩ አንዳንድ ልብሶች ላይ ከ30 በመቶ ያልፋል። በዚያ ላይ እስከ 2005 መጀመሪያ ድረስ የእስያ አምራቾች በኮታ ታጥረው ነበር። ስለዚህ ለእስያ ባለ ፋብሪካ ኢርቢድ ማለት ከቀረጥም ከኮታም ማምለጫ በር ነበረች። ለዋሺንግተን ደግሞ እያንዳንዱ ሸሚዝ በቁልፉ አማካይነት ሁለቱን አገሮች የሚያስተሳስር ገመድ ነበር።

ለዮርዳኖሳዊው ግን ነገሩ ይመር ነበር። የመሐንዲሶች፣ የሐኪሞችና የጠበቆች ማኅበራት ከእስራኤል ጋር የሚደረግን ማንኛውንም ግንኙነት በይፋ ይቃወሙ ነበር። በኋላም ከእስራኤል ጋር ይሠራሉ ያሏቸውን ሰዎችና ድርጅቶች በስም ዘርዝረው አወጡ። በዞኑ መነገድ እንጀራ ቢሆንም ስም የሚያጠፋ እንጀራ ነበር።

ንጉሥ ሑሴን በፌብሩዋሪ 1999 አረፉ። የ37 ዓመቱ ልጃቸው ዐብዱላህ ሲነግሡ ከአባታቸው ያገኙት ትልቅ ስም፣ ትልቅ ዕዳና ያልታየ የሰላም ፍሬ ነበር። ኢኮኖሚውን ቀዳሚ አደረጉ፤ በኤፕሪል 2000 ዮርዳኖስ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ሆነች። ከዚያም ከአሜሪካ የጠየቁት ነገር ቀጥተኛ ነበር፦ በእስራኤል ቁልፍ በኩል ሳይሆን በራሳችን ስም እንግባ። የነፃ ንግድ ውሉ ከዞኑ የሚለየው ዋናው ነገር ይኸው ነው። የእስራኤል ድርሻ አይጠየቅበትም፤ 35 በመቶው የዮርዳኖስ ከሆነ ይበቃል። በእኛ ግምት በዐማን በኩል የውሉ ትልቁ ማባበያ ከዶላሩ ይልቅ ይህ ነጥብ ሳይሆን አይቀርም።

የፊርማው ሰሞን

ድርድሩ በ2000 አጋማሽ ተጀምሮ በጥቂት ወራት ተጠናቀቀ። ለንግድ ድርድር ይህ ሩጫ ነው። ነገር ግን በመሐሉ ዓለም ተቀየረ። በጁላይ የካምፕ ዴቪድ ድርድር ያለ ውጤት ተበተነ። በሴፕቴምበር 28 አሪየል ሻሮን በፖሊስ ታጅበው ወደ መስጂደል አቅሷ ግቢ ገቡ፤ ሁለተኛው ኢንቲፋዳ ፈነዳ። በዐማን ሰልፍ ወጣ። በኦክቶበር 21 እና 22 የዐረብ መሪዎች ካይሮ ላይ ተሰበሰቡ። ዮርዳኖስ አዲሱን አምባሳደሯን ወደ ቴል አቪቭ ሳትልክ አስቀረች። እናም ካይሮ ከተበተነ ሁለት ቀን በኋላ ንጉሥ ዐብዱላህ ዋይት ሐውስ ተቀምጠው ፈረሙ።

አጋጣሚ ነው? ክሊንተን ከሥልጣን ሊወርዱ ሦስት ወር ቀርቷቸው ነበር፤ ንጉሡም የተዘጋጀውን ካልፈረሙ መቼ እንደሚያገኙት አያውቁም። ሆኖም ፊርማው በዚያ ሰሞን የያዘው ትርጉም ከንግድ ያለፈ ነበር። አካባቢው ሲቃጠል የሰላም ውሉን ላልቀደደ መንግሥት የተከፈለ ወሮታ ሆኖ ታየ።

በዋሺንግተን የውሉ ደጋፊዎች ያቀረቡት መከራከሪያም በግልጽ የውጭ ፖሊሲ ነበር። ከእስራኤል ጋር ሰላም ያወረደ የዐረብ መሪ ባዶ እጁን ከቀረ ሌላው ለምን ይከተለዋል? ዮርዳኖስ ከኢራቅ፣ ከሶሪያ፣ ከሳዑዲና ከእስራኤል ጋር ትዋሰናለች፤ እሷ ከተናወጠች ሁሉም ይናወጣል። ሥራ አጥ ወጣት የሞላበት ከተማ ደግሞ ለማንም መንግሥት አይበጅም። እርዳታ በየዓመቱ ኮንግረስ ፊት የሚለመን ነው፤ የንግድ ውል ግን አንዴ ከጸደቀ ይቆያል፣ ባለሀብትም ያምነዋል። በዚያ ላይ አሜሪካ ለእስራኤል በ1985 የሰጠችውን ለአንድ ዐረብ አገርም መስጠቷ በዐረቡ ዓለም ፊት ሚዛናዊ ያስመስላታል የሚል ስሌት ነበር።

ክርክሩ ተራ የፖለቲካ ማባበያ ነው ብለን አናጣጥለውም። ብዙው እውነት ነው። ቀዳዳው ግን አንድ ቦታ ላይ ነበር፤ የንጉሡን ውሳኔ ከሕዝቡ ውሳኔ ጋር አንድ አድርጎ ቆጥሮታል። ቤተ መንግሥቱ ሰላሙን የሚይዘው ለህልውናው ሲል ነው፤ ያንን ያለ ነፃ ንግድም ያደርገው ነበር። መሸነፍ የነበረበት የኢርቢድና የዘርቃ ሰው ልብ ነው። እሱ ደግሞ የሚሸነፈው ደመወዝ ኪሱ ሲገባ እንጂ የወጪ ንግድ አኃዝ ሲያድግ አይደለም። እሱም ቢሆን ማታ ማታ ቴሌቪዥኑ ላይ የሚያየውን የጋዛን ቀብር የሚያስረሳ ደመወዝ ስለመኖሩ እንጠራጠራለን።

በኮንግረስ ግን የተነሣው ተቃውሞ ከፍልስጤምም ከዮርዳኖስም ጋር አይገናኝም ነበር። ውሉ በአሜሪካ ታሪክ የሠራተኛ መብትንና የአካባቢ ጥበቃን በዋናው ጽሑፍ ውስጥ ያካተተ የመጀመሪያው የነፃ ንግድ ስምምነት ነበር። የሠራተኛ ማኅበራቱ ለቀጣዮቹ ውሎች አርአያ ይሆናል ብለው ደገፉት። የቴክሳሱ ሴናተር ፊል ግራምና መሰሎቻቸው በዚያው ምክንያት ተቃወሙት። ለአምስት ሚሊዮን ሰው አገር የተጻፈ ውል የአሜሪካኖች የእርስ በርስ ጠብ ማሟሻ ሆነና ከስምንት ወር በላይ ተንጠለጠለ። በጁላይ 2001 የቡሽ አስተዳደር ከዮርዳኖስ ጋር ደብዳቤ ተለዋውጦ፣ አለመግባባት ቢፈጠር ሁለቱም ወደ ንግድ ቅጣት መሄድ እንደማይሹ ካሳወቀ በኋላ የተወካዮች ምክር ቤት በዚያው ወር መጨረሻ አሳለፈው። ሴኔቱ ግን ገና ነበር።

ከዚያ ሴፕቴምበር 11 መጣ። በ13ኛው ቀን፣ በሴፕቴምበር 24፣ ሴኔቱ ውሉን በድምፅ ብቻ፣ እጅ እንኳ ሳይቆጠር አሳለፈው። በሴፕቴምበር 28 ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ ፈረሙበት፤ ንጉሥ ዐብዱላህም ዋሺንግተን ነበሩ። ዲሴምበር 17 ቀን 2001 ሥራ ላይ ዋለ። ለወራት ስለ ሠራተኛ አንቀጽ ሲናቆሩ የከረሙ ሰዎች በሁለት ሳምንት ውስጥ ዝም ያሉት ስለ ቀረጥ አዲስ ነገር ተምረው አይደለም። አንድ ሙስሊም ወዳጅ አገር በአስቸኳይ አስፈልጓቸው ነበር።

ማን ሰፋው? ማን ለበሰው?

ውጤቱ በቁጥር ሲታይ ያስደንቃል። በ1999 የ31 ሚሊዮን ዶላር የነበረው የዮርዳኖስ ሽያጭ በ2001 ወደ 229 ሚሊዮን፣ በ2004 ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ደረሰ። ይህን የሚያይ ሰው ውሉ ተአምር ሠራ ይላል። ልብ ብሎ ላየው ግን አብዛኛው ልብስ ነበር፤ ልብሱም የሚወጣው በአዲሱ ውል ሳይሆን በዚያው በቀድሞው የዞን መንገድ ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው። በነፃ ንግዱ ውል የልብስ ቀረጥ የሚነሣው ደረጃ በደረጃ፣ እስከ አሥር ዓመት ድረስ ነው። በዞኑ ግን ወዲያውኑ ዜሮ ነበር። ነጋዴ ደግሞ አሥር ዓመት አይጠብቅም። ስለዚህ በራሳችን ስም እንግባ ያለችው ዮርዳኖስ፣ ውሉን ይዛም ለዓመታት በእስራኤል ቁልፍ ገባች።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። በ2000 ወደ ቴል አቪቭ ሳይላክ የቀረው የዮርዳኖስ አምባሳደር ቦታ እስከ 2005 ባዶ ነበር። የዞኑ ንግድ ከአሥር እጥፍ በላይ ያደገው በእነዚያው ዓመታት ነው። ፋብሪካው ከፖለቲካው ተነጥሎ ይሠራል የሚለው የዋሺንግተን ተስፋ በዚህ በኩል ተሳክቷል። ሌላኛው ተስፋ፣ ፋብሪካው ፖለቲካውን ይጎትታል የሚለው፣ አልተሳካም።

ወደ ሥራው ስንመጣ ደግሞ የባሰ ጥያቄ አለ። በዞኖቹ ውስጥ ከሚሠሩት ከግማሽ በላይ የሆኑት ዮርዳኖሳውያን አልነበሩም። ከባንግላዴሽ፣ ከስሪላንካ፣ ከሕንድ፣ ከቻይና በውል የመጡ ነበሩ። ባለ ፋብሪካዎቹ የለመደ እጅና ሌሊት የሚሠራ ሰው ፈለጉ፤ የአገሬው ወጣት ለዚያ ደመወዝ ያንን ሰዓት አልቆምም አለ። ከገጠር በአውቶቡስ እየተመላለሱ የሠሩ የዮርዳኖስ ሴቶች መኖራቸው እውነት ነው፤ ለእነሱና ለቤታቸው ገቢው ትንሽ አልነበረም። ነገር ግን ከኩዌት ተመልሶ ሥራ የፈታው ሰው፣ ወይም የመዓን ልጅ፣ የሰላሙን ፍሬ ኢርቢድ ላይ አላገኘውም።

በሜይ 2006 መቀመጫው ኒው ዮርክ የሆነ አንድ የሠራተኛ መብት ድርጅት፣ ናሽናል ሌበር ኮሚቲ፣ ስለነዚህ ፋብሪካዎች ዘገባ አወጣ። ፓስፖርታቸው የተወሰደባቸው፣ ደመወዛቸው የተያዘባቸው፣ ያለ ዕረፍት ረጅም ሰዓት የሚሠሩ፣ የሚደበደቡ ሠራተኞች እንዳሉ ዘረዘረ። ወገኖቹ በቤት ሠራተኝነት ባሕር ማዶ ያሉበት አንባቢ ታሪኩ እንግዳ አይሆንበትም። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የሠራተኛ ማኅበራት ኅብረት ከጨርቃ ጨርቅ አምራቾች ጋር ሆኖ በውሉ የሠራተኛ አንቀጽ መሠረት አቤቱታ አቀረበ። ያ ሴናተሮቹ የተጣሉበት አንቀጽ ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ደረሰ ማለት ነው። ዋሺንግተን ግን ወደ መደበኛ ክስ አልሄደችም። ወዳጅ ንጉሥን ፍርድ ቤት የሚያቆም የለም። ሆኖም ዘገባው ያስከተለው ኀፍረት ዮርዳኖስን ቁጥጥሯን እንድታጠብቅ ገፋፋት፤ በ2008 ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ከዓለም አቀፉ የፋይናንስ ኮርፖሬሽን ጋር ፋብሪካዎቹን እየዞረ የሚፈትሽ ፕሮግራም ጀመረ።

ዮርዳኖስም በበኩሏ ዋጋ ከፍላለች። ውሉ ስለ መድኃኒት ባለቤትነት መብት ያስገባው አንቀጽ ከዓለም ንግድ ድርጅት ሕግ የጠበቀ ነበር። ኦክስፋም በ2007 ባወጣው ጥናት ይህ አንቀጽ ርካሽ መድኃኒት ቶሎ ገበያ እንዳይገባ አግዶ ዋጋ አስወድዷል ብሎ ተከራከረ።

የዋሺንግተን ሰዎች ግን በሙከራው ረክተው ነበር። በሜይ 2003፣ ባግዳድ ከወደቀች ከአንድ ወር በኋላ፣ ፕሬዚዳንት ቡሽ በአሥር ዓመት ውስጥ አሜሪካንና መካከለኛው ምሥራቅን በአንድ ነፃ የንግድ ቀጠና እናገናኛለን አሉ። ሞሮኮና ባሕሬን በ2004፣ ዑማን በ2006 ፈረሙ። ሳዑዲ፣ ባሕሬን ለብቻዋ መፈረሟ የባሕረ ሰላጤውን የጋራ ቀረጥ ያፈርሳል ብላ ተቆጣች። ግብፅ ከእስራኤል ጋር በመታረቅ ዮርዳኖስን በ15 ዓመት ብትቀድምም የፈለገችውን ውል አላገኘችም፤ በ2004 መጨረሻ የተሰጣት የዞን ስምምነት ብቻ ነው። የተቃዋሚው ፖለቲከኛ አይመን ኑር መታሰር ደግሞ የቀረውን ተስፋ አቀዘቀዘው። የ2013 ቀጠሮ ሲደርስ ቀጠናው ቀርቶ ሐሳቡን የሚያነሣም አልነበረም።

እኛስ?

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ሩቅ አይደለም። ዮርዳኖስ ውሏን በፈረመችበት በዚያው በ2000 ክሊንተን አጎዋ የተባለውን ሕግ ፈርመው ነበር። ኢትዮጵያ ለሃያ ዓመት ያህል ልብስና ጫማ ያለ ቀረጥ ያስገባችው በእሱ ነው፤ የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክም የተገነባው ይህን ገበያ ታምኖ ነው። ልዩነቱን ልብ በሉ። አጎዋ ውል አይደለም። አሜሪካ ለብቻዋ የምትሰጠው፣ በየዓመቱ ማን ይገባዋል ብላ የምትመረምረው ችሮታ ነው። በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት በጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ኢትዮጵያ ከዝርዝሩ ስትወጣ ዋሺንግተን ከአዲስ አበባ ጋር መደራደር አላስፈለጋትም፤ የፕሬዚዳንቱ ፊርማ በቂ ነበር። በሐዋሳ ስፌት ላይ የነበሩት፣ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች፣ ስለ ጦርነቱ ማንም ያማከራቸው አልነበረም።

ዮርዳኖስ ከኢንቲፋዳውም፣ ከኢራቅ ወረራም፣ ከ2006ቱ ዘገባም በኋላ ገበያዋ አልተዘጋባትም። የውጭ ፖሊሲ ክርክሩ አንዱ ትክክለኛ ነጥብ ይህ ነበር፤ ውል ከችሮታ ይጸናል።

ይሁንና የውልም ጽናት ልክ አለው። በኤፕሪል 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ለዓለም ሁሉ የቀረጥ ሰንጠረዥ ሲያወጡ ከዮርዳኖስ ስም አጠገብ 20 በመቶ ተጽፎ ተገኘ። ቀረጡን ወደ ዜሮ ካወረደ 15 ዓመት የሞላው ውል በቦታው እያለ ማለት ነው። በኦገስት ወደ 15 በመቶ ዝቅ ተደረገ። የ1985ቷ የውል ባለቤት እስራኤልም የደረሳት ያው 15 ነው። ውል የሌላት ግብፅ 10፣ ሳዑዲ 10፣ ኢትዮጵያም 10።

ይህን ሲያዩ ብዙዎች ታዲያ ውሉ ምን ጠቀመ ብለው ነበር። ስሌቱ ግን እንደሚመስለው አይደለም። የኢትዮጵያው ሸሚዝ 10 በመቶውን ይከፍል የነበረው ከመደበኛው የልብስ ቀረጥ በላይ ተጨምሮበት ነበር። መደበኛው ለጥጥ ሸሚዝ ወደ 20 በመቶ ይጠጋል፣ ከሰው ሠራሽ ክር ለተሠራው ከዚያም ያልፋል። የዮርዳኖሱ ሸሚዝ መደበኛ ቀረጥ ዜሮ ስለነበር 15ቱን ብቻ ከፈለ።